ለይታይሽ የበራ ጧፍ

እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰውን ዝም ለማሰኘት ነው። እንጅባራ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ተማሪ ሲያወራ «እሽሽ» እላለሁ፣ መምህር ሲያወራ ደግሞ በዓይኔ እላለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት፣ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ በሚያወራበት ፌስቡክ በሚባል አዳራሽ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች ብትሉኝ፣ ጥፋቱ የወንድሜ ነው። አገሬ አሰበ ተፈሪ ነው። ከዚያ እስከዚህ በአውቶቡስ የመጣ ሰው የጻድቃንን ተጋድሎ ሌላ እንዲተርክለት አያስፈልገውም። ወንድሜ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሞከረውና ሁለተኛ ላለመምጣት ስልክ ገዝቶ ላከልኝ። «በዚህ እንተያያለን» አለኝ። አልተያየንም። የእንጅባራ ክረምት ጉም ነው፣ ከጉሙም ኔትወርኩ ይብሳል፤ ወንድሜ በስልክ የሚያየው አንድ ጉንጬን ብቻ ነበር፣ እሱንም ቀጥ ብሎ እንደቆመ።

መጀመሪያ ሰሞን በጥንቃቄ ነበር የምገባው። የማላውቀው ሰው ጓደኛ እንሁን ብሎ ሲልክልኝ የንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑ እጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ እስካሁን አልመለሱልኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። «ይህን አይተው አሜን ሳይሉ አይለፉ» የሚል ሥዕል ይመጣል። እንዴት ብዬ ልለፍ? ቆሜ አሜን እላለሁ። ከሥሩ ሌላ ይመጣል፣ አሜን እላለሁ። በዚህ መሐል ስንት ቀን ሽሮዬ አርሮብኛል። የጾም ሽሮ ቅቤ የለው፣ ሲያርር የሚያድነው የለም።

ወደ ነገሬ ልግባ።

በምኖርበት ግቢ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ይታይሽ የምትባል ሴት ከባሏ ከአንዳርጌ ጋር ትኖራለች። አንዳርጌ ከቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል፤ እሷ መንገድ ዳር ድንች ትሸጣለች። ሰው ባገሩ ሲኖር ዘመድ ማለት በደም የሚቆጠር ነው። ሰው አገር ሲኖር ግን፣ ጠዋት በርሽ ሳይከፈት ሲቀር መጥቶ የሚያንኳኳ ነው ዘመድሽ። የኔን በር የምታንኳኳው ይታይሽ ናት። ከተጋቡ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ ያረገዘችው ገና ዘንድሮ ነበር። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ አንዳርጌ ከቀርቀሃ አልጋ ሠራ፣ የሕፃን። በጣም አሳምሮት ጎረቤቱ ሁሉ ልግዛው ይለው ጀመር፤ እሱም አልሸጥም እያለ ይጣላ ነበር።

በፍልሰታ ጾም፣ ዓርብ ምጥ ያዛት። ሲጠናባት ከጤና ጣቢያ ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ላኳት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዳርጌ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ልጁ ወንድ ነው» አለኝ። «ነርሶቹ ሙቀት ውስጥ አድርገውታል። የሷ ግን ደም አልቆም አለ። የኔን ወስደዋል፣ አልበቃም። የሚገጥም ሁለት ሦስት ሰው አምጣ ይሉኛል። እዚህ ማንን አውቃለሁ? እባክዎ ሰው ይላኩልኝ።»

እልካለሁ ሳልለው ኔትወርኩ ሄደ።

አሁን ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ነጠላውን ይለብሳል፣ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ሁለት ሰው በክንዳቸው ይይዛል፣ ሚኒባስ ይሳፈራል። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ነበር። መንገድ ላይ በክንዱ የያዝኩት ሰው ግን መምህር ሙሉቀን ሆነ።

ሙሉቀን የትምህርት ቤታችን የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ልቡ ደግ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ነገር ግን በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ስላለው በእንጅባራ የመጀመሪያው አክቲቪስት ነኝ ይላል፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ ነግሮን አያውቅም። አንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቴ ጣሪያ እንደሚያፈስ አይቶ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈው። ከየአገሩ ሰው ልብ ላከ፣ የሚያለቅስ ፊት ላከ፣ ትውልድ ጠፋ ተባለ። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ያ ሁሉ ልብ አንዲት ቀዳዳ አልደፈነም።

ነገሩን ስነግረው እንባ ሞላበት። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ ዳንግላ ቢሄዱ አንድ ሰው ነዎት። ፖስት ካደረግነው ግን አገር ይንቀሳቀሳል።»

ይህን ሲለኝ ራሴን አየሁት። አጭር፣ ቀጭን፣ ጿሚ። ደሜም ቢሆን ለሰው የሚተርፍ አልመሰለኝም። እውነትም አገር ይሻላል አልኩ።

የይታይሽን ፎቶ ጠየቀኝ፤ ፎቶ የሌለው ነገር ሰው አያይም አለ። አራስ ሴት ለአደባባይ አትወጣም ብዬ ከለከልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ እኔው መላ መታሁ። የአንዳርጌ ስልክ እንደተቋረጠ በሥዕለ ማርያም ፊት ጧፍ አብርቼላት ነበር፤ ቤት ተመልሼ እሱን አነሣሁት። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከሥሩ የጻፍኩት ደግሞ ይህን ነበር፦ ጎረቤታችን ይታይሽ ወልዳ ደም ስለፈሰሳት፣ እግዚአብሔር ይማራት ዘንድ በጸሎት አስቧት፤ ደም መስጠት የምትችሉም ዳንግላ ሆስፒታል ድረሱላት፤ ባሏ አንዳርጌ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ሙሉቀን አነበበውና ረዘመ አለ። ረጅም ነገር ማንም አያነብም፤ ሰው እየሄደ ነው የሚያነበው። ስለዚህ በእሱ ገጽ ላይ ሲለጥፈው አሳጠረው። ጧፉ ቀረ። «ይታይሽን እግዚአብሔር ይማራት» ቀረ። መውለዷን፣ ደሙንና ዳንግላን፣ ዝርዝር ነው ብሎ፣ ከሥር በአስተያየት አደርገዋለሁ አለ። አደረገውም። ግን ወዲያው አሜን ወረደበትና ተቀበረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የወረደው አሜን ጎጃምን ያጥለቀልቃል። አሜን፣ አሜን፣ ሦስት ጊዜ አሜን። ከመሐል አንድ ሰው ቆፍሮ ደሙን አገኘና ጠየቀ፤ በፍልሰታ ደም መስጠት ጾም ይሽራል ወይስ አይሽርም? እናንተዬ፣ ምነው ባልጠየቀ። አንዱ ደም ከሥጋ ይቆጠራል አለ። ሌላው የሚሽረው የገባ እንጂ የወጣ አይደለም አለ። ሦስተኛው መጽሐፍ ጥቀስ አለ። አራተኛው የተጠቀሰውን መጽሐፍ አንተ አላነበብከውም አለ። እስኪመሽ ድረስ ሲከራከሩ ከተከራካሪዎቹ አንዱም ዳንግላ አልነበረም። እኔ ለራሴ የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስቀው፣ «ሂጂና ስጪ፤ ሲጨርሱ ግን የሚሰጡሽን ብዪ» አሉኝ። ነገ እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ላስቀድስና እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለእግዜር አስቀድሜ ቀጠሮ ይዤ ነበር ማለቴ ነው።

አትፍረዱብኝ፤ ልቤን ያሳረፈው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ሁሉ አሜን መሐል ሁለት ሰው በእውነት እንሄዳለን ብለው ነበር፤ ባጃጅ የሚነዳው ጌታነህና የስፖርት መምህራችን። እሑድ በማለዳ ሚኒባስ እንደተሳፈሩ ጌታነህ ደውሎ ነገረኝ። ተመስገን አልኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ።

አሁን የምነግራችሁን የሚረዳኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ ነው። ጧፍ ጧፍ ነው፣ ሻማ ሻማ ነው። ጧፍ ለጸሎት ይበራል፣ ለስለት ይበራል፣ ለሕያው ይበራል። ፌስቡክ ላይ ሰው ሲሞት የሚለጠፈውን ሻማ ስንቴ አይቻለሁ፤ የኔ ግን ጧፍ ነው እኮ! በማር ሰም የተነከረ ፈትል። ለካ ለፌስቡክ እሳት ያለበት ቀጭን ነገር ሁሉ አንድ ነው። እኔ ቅዳሴው ላይ የ«ዕጣነ ሞገር» ቅኔ ስሰማ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከአሜኖቹ ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጧፉን አየ፣ «ይማራት» የሚለውን አየ፣ ነፍስ ይማር አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው እነዚህን ሁለቱን አየ።

ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍተው እንደ ንብ ቀፎ ይንጫጫል። ይታይሽ ሞታለች። በድንች ሻጭነቷ ዞር ብሎ አይቷት የማያውቅ ሁሉ ፈገግታዋ አይረሳኝም ይላል። አንዱ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ የማናውቃትን ሴት ፎቶ ክንፍ ቀጥሎ ለጥፏታል። የገዛ ወንድሜ ከአሰበ ተፈሪ ሆኖ «ለቤተሰቦቿ መጽናናትን» ብሏል። አንዳርጌ ጋ ደወልኩ። ያቺ የስልክ ውስጥ ሴትዮ ሊያገኟቸው አይችሉም አለችኝ፣ በዚያ በትሑት ድምፅዋ። ባትሪው አልቆበት ይሆናል አልኩ። ግን እናንተ፣ ሺህ ሰው ሞተች ሲልና አንዲት ጧፍ ያበራች ሴት አልሞተችም ስትል፣ ጧፍ ያበራችው ራሷ ትጠራጠር ጀመር። እየሮጥኩ ወደ ግቢ ሄድኩ።

ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ስንሻው አግዳሚ ያስደረድራሉ።

«ጋሽ ስንሻው፣ ይታይሽ ሞተች ያለዎት ማን ነው?»

«ጧፉን ያበራሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ያበራሁት እንድትድን ነው።»

አዝነው አዩኝ። ሐዘን አእምሮዬን የነካው መስሏቸው አንዲት ሴት ውሃ እንድታመጣልኝ አዘዙ።

ከድንኳኑ ጥግ ጌታነህን አየሁት። ዳንግላ መሆን የነበረበት ጌታነህ። መንገድ ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርሱ የስፖርት መምህሩ ስልኩን ከፍቶ አነበበ፣ ተያዩ፣ ወረዱ፣ በተቃራኒው ሚኒባስ ተመለሱ። «ከሞተች ወዲያ ደሜን ለማን እሰጣለሁ፣ ለቀብሯ ልድረስ ብዬ ነው» አለኝ፣ ጥፋቱን እንድነግረው ዓይን ዓይኔን እያየ። ሙሉቀን ደግሞ በዚያ በኩል ቆሞ በገጹ ላይ ምናልባት በሕይወት ልትኖር ትችላለች ብሎ ጽፏል። ያወረዱበት ስድብ! በሐዘን የምትቀልድ፣ አስመሳይ፣ ማስረጃ አምጣ። ለመሞቷ ማስረጃ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስንባባል የይታይሽ እናት ገቡ። እማማ የሻረግ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ ካለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ ወሬው በማን ስልክ እንደደረሳቸው አላውቅም፣ በጋሪ ነው የመጡት። ሴቶቹ ሲያዩዋቸው እየዬውን አነሡት። እሳቸው ግን አላለቀሱም። በድንኳኑ መሐል ቆመው ጸጥ እስኪል ጠበቁና ወደ ጋሽ ስንሻው ዞሩ።

«አይተሃታል?»

«ኧረ እኔ አላየሁም፣ እማማ። ተሰምቶ ነው።»

ወደ ጌታነህ ዞሩ። እሱም መሬት መሬት አየ። ወደ እኔ ዞሩ። አላየኋትም አልኩ።

«ያየ የለም?» አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አጠበቁ። «እንግዲህ ሞታም ከሆነ አያታለሁ፣ ድናም ከሆነ አያታለሁ። የሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ተነሡ።»

እድሩ ሬሳ ማምጫ መኪና አስቀድሞ ለምኖ ነበር። የተገኘው ከሰል የሚጭን አይሱዙ ነው። ጋሽ ስንሻው መጥረጊያ አስገቡበት፤ የከሰል መኪና ግን ቢጠርጉትም ከሰል ነው። ያ ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሶ የተሳፈረ ለቀስተኛ አዲስ ቅዳም ሳይደርስ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ላያችን ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከሰሉ በፊታችን ወረደ። ቤተ ዘመድ ያልሆነው ሁሉ ከቤተ ዘመድ በላይ ሐዘንተኛ መሰለ። በመንገድ ዳር ያለ ሰው ቆብ እያወለቀ ቆሞ ያሳልፈን ነበር። ጋሽ ስንሻው ከጎኔ ሆነው የሚያሳስባቸውን ነገሩኝ። ድንገት ሕያው ሆና ብትገኝስ? የእድሩ ደንብ መኪና የሚፈቅደው ለሞተ ነው፤ ለሕያው ወጣ ተብሎ ጉባኤ ላይ ቢጠየቁስ? እንድትሞት አይደለም የሚፈልጉት፣ እግዜር ያውቃል። ደንቡን ነው የሚፈሩት።

ዳንግላ ደረስን። አንዲት ነርስ ከበሩ ወጥታ ያን ሁሉ ጥቁር ሕዝብ ስታይ ደነገጠች። የማን ናችሁ አለች፤ የይታይሽ አልን።

«አለች» አለች። «ግን ደክማለች፣ ደም ቶሎ ያስፈልጋታል። ከትናንት ጀምሮ ሰው አምጣ እያልን ነው። የምትሰጡ ግቡ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሕፃኑ ዛሬ ጠዋት አርፏል። እሷ አልሰማችም። አቅም እስክታገኝ እንዳትነግሯት።»

ጋሽ ስንሻው በረጅሙ ተነፈሱ። መኪናው ደንብ አገኘ ማለት ነው። ወዲያው መተንፈሳቸው ራሱ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እማማ የሻረግ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ በመዳፋቸው አፋቸውን ከድነው። ብዙ አልቆዩም። ቀና ሲሉ ለቀስተኛው ከኋላ ከኋላ እየሳሳ ነው። አንዱ ግፊት እንዳለበት ትዝ አለው። አንዱ ጿሚ ነኝ አለ። አንዲት ሴት የአይሱዙው ሾፌር ብቻውን እንዳይሆን ልታጫውተው ሄደች። ሙሉቀን መርፌውን ከሩቅ አይቶ ቀድሞ ተዝለፍልፎ ስለነበር ጌታነህ ደግፎት ቆሟል። እማማ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሬሳዋን ልትሸከሙ ነው የመጣችሁት፤ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። «ሬሳ ሊሸከም የመጣ ትከሻ አንድ ክንድ አያጣም።»

ጮክ ብለው አልተናገሩም። ግን የሄዱት ተመለሱ፤ ሁሉም አይደሉም፣ የሚበቃው ያህል። ጌታነህ ሙሉቀንን አግዳሚ ላይ አጋድሞት መጀመሪያ ገባ። የስፖርት መምህሩ ቀጠለ። ጋሽ ስንሻውን ዕድሜዎ አልፏል ብለው ሲመልሷቸው ተቆጡ። ከኔም ወሰዱ፤ ለካ ነበረኝ። ሲጨርሱ ብስኩት ሰጡኝ። ብዪ ተብያለሁ፣ እበላለሁ፤ ነገር ግን ወተት ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ከላስቲኩ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ሳነብ፣ ሳገላብጥ፣ ራሴ ዞረና ከሙሉቀን አጠገብ አጋደሙኝ። ሁለታችን ጎን ለጎን ጣሪያ እያየን ተኛን። «እትዬ፣ ልለጥፈው እንዴ፣ አለመሞቷን?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሽሽ» አልኩት። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ።

አንዳርጌን ያገኘሁት ስነሣ ነው። በኮሪደሩ ጫፍ፣ ብርሃን በማይደርስበት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የታቀፈ ሰው ይመስላል። የታቀፈም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ ነበር የተቀመጠው፤ ብቻውን ሄዶ እንዳይቀብረው ሚስቱ ትጠራው ይሆናል፣ ቁጭ ብሎ እንዳያለቅስ ድምፁን ትሰማለች። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅሁት። «የእናቱን ግንባር ነው የወሰደ» አለኝ። ለይታይሽ ያን ሁሉ የሚያለቅስ ፊት ከላከ አገር፣ መውለዷን ካነበበውም መሐል፣ ስለ ልጁ አንድም ሰው አልጠየቀም ነበር። እኔም አልጠየቅሁም። ስለ ደሙ፣ ስለ ጧፉ፣ ስለ ጾሙ ስል ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ቀለም እየመጣላት ነው፣ ተርፋለች፣ በር ላይ ቆማችሁ እይዋት አለችን። ቆምን። ጋሽ ስንሻው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ሁላችንም ከእግር እስከ ራሳችን ከሰል። ይታይሽ ዓይኗን ገልጣ አንድ በአንድ አየችን።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ከመሐላችን አንዲት ሴት ሲቃ ሊይዛት ሲል ሌላዋ ወገቧን ያዘቻት። እማማ የሻረግ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው የልጃቸውን ፀጉር ያስተካክሉ ነበር። እናትና ልጅ ወትሮ የሚያወሩት በአዊኛ ነው። ያን ቀን ግን እማማ በአማርኛ መለሱላት፤ እኛም እንድንሰማና አፋችንን እንድንጠብቅ ይመስለኛል።

«ሌላ ሰው ነው። ወደ ቀብር ሲሄዱ አንቺን ሊጠይቁ ጎራ ብለው ነው።»

«የማን?»

«አታውቂውም።»

ይታይሽ ትንሽ አሰበች። ከዚያ በዚያች በደከመች ድምፅዋ እናቷን ተቆጣቻቸው።

«ታዲያ ምን ታስቆሚያቸዋለሽ፣ ቀብሩ ያመልጣቸዋል።» ወደ እኛም ዞረች። «ሂዱ እባካችሁ። በኔ ምክንያት እንዳትዘገዩበት።»

ሄድን።